ተሳታፊ ቁጥር ሰባት

ትርንጎ ሙላቴ መልሷን በወረቀት ልትልክ አልፈለገችም።

የባምላኩ ደብዳቤ የደረሳት ከስድስት ቀን በፊት በሚኒባስ ሹፌሩ በብርሃኑ እጅ ነበር። ጅብራ ሜዳ ላይ ስልክ የሚሠራው ዳገቱ ጫፍ ለወጣ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱ ዓመት ሙሉ የተጻጻፉት በብርሃኑ በኩል ነው። የዚህኛው ደብዳቤ መጨረሻ ግን እንደሌሎቹ አልነበረም። «ፈቃድሽ ከሆነ ለአባትሽ ሽማግሌ ልላክና ለጥር እንጋባ» ይላል።

በሰባተኛው ቀን ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ክምር ድንጋይ ከተማ ወረደች። ከዚያ በብርሃኑ ሚኒባስ ወደ ደብረ ታቦር ተሳፈረች። «እሺ» ስትለው ፊቱ ምን እንደሚመስል በዓይኗ ማየት ፈልጋለች። መንገዱን ሁሉ ለብቻዋ ፈገግ ስትል ብርሃኑ በመስታወቱ አያትና፣

«ዛሬስ ምን አግኝተሽ ነው?» አላት።

«ምንም። ብርዱ ነው» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ።

ባምላኩ በዩኒቨርሲቲ ቱሪዝም ያስተምራል። አገር ሳይጎዳ፣ ሰው ሳይናቅ፣ ጥቅሙም ለባለአገሩ ደርሶ እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ ነው ትምህርቱ። መጀመሪያ ጅብራ ሜዳ የመጣው የእሷን ሥራ ሰምቶ ነበር። ትርንጎ ጅዳ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ እንደተመለሰች፣ ጉና ተራራን ሊያዩ ለሚወጡ እንግዶች ሁለት የማረፊያ ጎጆ አቆመች። ጎረቤቶቿ አይተው ተከተሏት፤ ዛሬ አሥራ አንድ ቤት ሆነው ተደራጅተዋል፤ የማኅበሩም ሊቀ መንበር እሷ ናት። ባምላኩ ስለ ሥራው ሊጠይቅ መጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ መጣ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የሚጠይቀው ነገር አልቆበት ነበር፤ ዝም ብሎ ድንች ሲልጥላት ዋለ። ያን ቀን ነው የወደደችው።

የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ የመማሪያ ክፍሉን በእጁ ጠቆማት። በኋላ በኩል ያለው በር ገርበብ ብሏል፤ የባምላኩ ድምፅ ይሰማል። ትምህርቱ እስኪያልቅ ልትጠብቅ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ በበሩ ክፍተትም ወደ ውስጥ አየች።

ግድግዳው ላይ ፊቷን አየች።

ትልቅ ሆኖ፣ ከፕሮጀክተሩ በሚወጣው ብርሃን ደምቆ፣ እሷ ናት። ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ሻሿን አስራ ስትስቅ። «ይህቺን ለራሴ ነው የማነሳት» ብሎ ያነሳት ፎቶ ነው። ከሥሩ ተጽፏል፦ «ተሳታፊ ቁጥር ሰባት። ሴት። ዕድሜ ሠላሳ አንድ። የትምህርት ደረጃ፦ ስድስተኛ ክፍል። ከስደት ተመላሽ።»

«ተሳታፊዋ በስደት ሳለች እናቷ ሞቱባት» ይላል ባምላኩ፣ እጁ ላይ ካለው ወረቀት እያነበበ። «አሠሪዋ ቤት ውስጥ ለቅሶ እንዳይሰማ ከልክላት ስለነበር፣ ማድ ቤት ገብታ የቧንቧውን ውኃ እስከ መጨረሻው ለቀቀችና በውኃው ድምፅ ተከልላ አለቀሰች። ዛሬ እንግዳ ስትቀበል የምታሳየው ጥንቃቄ ከዚህ ሕይወት የመነጨ ነው።»

የትርንጎ እጅ ወደ አፏ ሄደ።

ይህን ነገር በዓለም ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ቀጥሎ እሱ። ዳገቱ ላይ ጉም ወርዶባቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳሉ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር የነገረችው። አባቷ እንኳ አያውቁም። ለአባቷ ያኔ በስልክ የነገረቻቸው ሌላ ነው። «ማዳሟ አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች፤ ሦስት ቀን ሥራ አትንኪ አለችኝ» ነበር ያለቻቸው። አባቷ በዚያ ተጽናኑ፤ እሷም ሌላ ቃል ሳትጨምር ኖረች።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ በዚህ የትምህርት ደረጃ ማኅበሩን በዘላቂነት መምራት ትችላለች ማለት ይቻላል?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው ደረጄ» አለ ባምላኩ። «ከውስንነቶቹ ውስጥ መዝግባችሁ ያዙት።»

አርባ እስክሪብቶ ጎንበስ አለ። ትርንጎ ዞራ ሄደች። የጫማዋን ኮቴ ሰምቶ ይሁን ወይም ልቡ ነግሮት፣ ባምላኩ ቀና ሲል የነጠላዋን ጫፍ በበሩ ክፍተት አየ። «ትርንጎ!» ብሎ ወጣ። እሷ ግን የግቢው በር ላይ ቆሞ የነበረ ባጃጅ ውስጥ ገብታ ነበር።

የተናደደች መስሏት ነበር። ሚኒባሱ ከከተማው ሲወጣ ግን የተሰማት ንዴት አልነበረም። ገበያ መሃል ልብሷን የገፈፏት ያህል ነበር፤ ነጠላዋን ደጋግማ ብትከናነብም ብርዱ አልለቀቃትም።

*

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ሦስት ደብዳቤ መጣ። ብርሃኑ ሦስተኛውን ሲሰጣት «መልስ ይዘህ ና ብሎኛል፤ ለምኖኛል» አላት። ተቀብላ ሳትከፍት ከሁለቱ ጋር ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። ከፍታ ብታነብ የእጅ ጽሑፉ እንደሚያሸንፋት ታውቃለች።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደግሞ ያልጠበቀቻቸው እንግዳ መጡ። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት በተከራዩት መኪና መጥተው ጎጆዋ ደጃፍ ወረዱ። ትርንጎ እንደማንኛውም እንግዳ ተቀበለቻቸው። እግራቸው ሥር አጎዛ አነጠፈች፣ ትኩስ የገብስ ቂጣና አሬራ አቀረበች፣ ብርድ እንዳይመታቸውም ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ትከሻቸው ላይ ደረበችላቸው። ሴትዮዋ ሁሉንም በጥሞና ተመለከቱ።

«ሙያሽ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሠናይት እባላለሁ። የባምላኩ እናት ነኝ።»

ትርንጎ የያዘችውን ኩባያ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። 

«ላዋርድሽ አልመጣሁም» አሉ ወይዘሮ ሠናይት። «ባሌ የሞተ ጊዜ ባምላኩ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ቀን በአንድ ትምህርት ቤት፣ ማታ በሌላ አስተምሬ አሳደግሁት። አንድ ልጄ ነው። ስለ አንቺ የጻፈውን አምጥቶ ሰጠኝ።» ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «አነበብኩት። አለቀስኩም፤ አልዋሽሽም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ክንፏ የተሰበረ ወፍ ካየ ይዞ ይገባል። ሲያዝን የወደደ ይመስለዋል።»

ትርንጎ ወረቀቱ ላይ «ተሳታፊ ቁጥር ሰባት» የሚለውን አየች፤ ዓይኗን ወዲያው አነሳች።

«እኔ ወፍ አይደለሁም እማማ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«እሱን ነው የምልሽ» አሉ ሴትዮዋ፣ ባናውን አጣጥፈው እየመለሱላት። «ለጥናት ሆነሽዋል። ለሚስትነት ግን ... አስቢበት ልጄ።»

መኪናው ቁልቁለቱን ወርዶ ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ ትርንጎ ባናውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ቃሉ ያመማት ከክፋት የመጣ ስላልነበረ ነው። እውነት ቢሆንስ ብላ ማሰብ ከጀመረች በኋላ ማቆም አልቻለችም።

*

የባምላኩ ተማሪዎች ጅብራ ሜዳ መጥተው የሚያድሩበት ቀን የተቆረጠው ገና የሁለቱ ፍቅር ሰላም ሳለ ነው። አርባ ተማሪ፣ ሦስት ቀን፣ አሥራ አንድ ቤት። ትርንጎ ማስቀረት ትችል ነበር፤ ግን በየቤቱ ግድግዳ ተለቅልቋል፣ ባናው ታጥቧል። አባቷ አያ ሙላቴም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ለሰው ሁሉ «ተማሪዎች እኔ ቤት ሊያድሩ ነው» ብለው አውርተው ጨርሰዋል። የራሷ ቁስል የሌላውን ቤት እንዲዘጋ አልፈለገችም።

ኅዳር ስምንት ቀን አውቶብሱ ሜዳው ላይ ቆመ። ትርንጎ ተማሪዎቹን ሰብስባ ቆማ ተናገረች። አራት አራት ሆነው እንደሚያድሩ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ወደ ተራራው መውጣት እንደማይቻል፣ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል እንደማይቆረጥ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ምግብ እንደማይሰጠው ነገረቻቸው።

«ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ» አለች፣ «ታስፈቅዳላችሁ። እምቢ ካለ እምቢ ነው። አስተማሪያችሁ ነግሯችሁ ይሆናል።»

ባምላኩ ከኋላ ቆሞ ነበር። ከስቷል። ተማሪዎቹ ሲበተኑ ወደ እሷ ቀረበ።

«ደብዳቤዎቼን አነበብሽ?»

«ለፕሮግራሙ የሚያስፈልግ ነገር ካለ ንገረኝ።»

«ትርንጎ፣ ስለ አባትሽ ነው። አንድ ደቂቃ ብቻ ...»

«አባቴ ደኅና ናቸው» አለችና ጥላው ሄደች። ከጀርባዋ ደግሞ ሲጠራት ሰማች። አልዞረችም። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራት ድምፁ ውስጥ ልመና ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም ነበር፤ ፍርሃቱን ግን ልብ አላለችውም።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ በየማሳው ተሰማሩ። አያ ሙላቴ ገብስ እያጨዱ ነበር፤ ፋሲካ የምትባል ተማሪ ከኋላቸው እየተከተለች ነዶ ታስራለች። ልጅቷ የዋህ ናት፤ ሽማግሌውንም ወዳቸዋለች። ወገባቸውን ሊያሳርፉ ቀና ሲሉ እንዲህ አለቻቸው፦

«አባባ፣ እንዴት ያለች ልጅ ነው ያለችዎት! እኛ ክፍል ውስጥ ስለ እሷ ስንማር ሁላችንም ነው ያለቀስነው።»

«ስለ ትርንጎ ትማራላችሁ?» አሉ አያ ሙላቴ ደስ ብሏቸው።

«አዎ። በተለይ እናቷ የሞቱባት ጊዜ። ማዳሟ አታልቅሺ ብላ ስትከለክላት ቧንቧ ከፍታ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ በውኃው ተደብቃ ያለቀሰችው ...»

ማጭዱ ከአያ ሙላቴ እጅ ወደቀ።

«ምን አልሽ ልጄ? ድገሚልኝ እስቲ።»

ልጅቷ ፊታቸውን አይታ ደነገጠች፤ ግን አንድ ጊዜ ወጥቷል። ቀስ ብላ ደገመችላቸው። ሽማግሌው ገብሱን እየረገጡ፣ በማያውቁት አገር እንደሚሄድ ሰው፣ ወደ ሜዳው ወረዱ።

ትርንጎ ምንጩ አጠገብ ቆማ ለጥቂት ተማሪዎች ውኃው እንዴት እንደተከለለ ታሳያለች። አባቷ ሲመጡ አየች፤ አረማመዳቸውን አይታ ተማሪዎቹን ትታ ወደ እሳቸው ሄደች።

«ትርንጎ» አሉ። «ማዳሟ አቅፋሽ ነበር ወይ?»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። የባምላኩ ፍርሃት ምን እንደነበረ ያኔ ገባት።

«አባዬ ...»

«አቅፋሽ ነበር ወይ ነው የምልሽ?»

«አልነበረም» አለች።

ከጎጆዎቹ በኩል ባምላኩ እየሮጠ መጣ፤ ፋሲካ ከኋላው ታለቅሳለች። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ስለነበር ተማሪዎቹም ተከትለውታል። በአባትና በልጅ መካከል ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅዎን አይቆጧት። ተማሪዎች፣ ሁላችሁም ስሙ፤ እኔ ስለ ፈቃድ እያስተማርኳችሁ የሰው ምስጢር ያለ ፈቃድ ...»

«አቁም!»

ትርንጎ እንደዚህ ስትጮህ ሰምቷት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ይቅርታህንም ማስተማሪያ ልታደርገው ነው?» አለችው። «እናቴን ሰጠሃቸው። አሁን ደግሞ የራስህን ጸጸት ልታስጽፋቸው? እኔ እዚህ ቆሜ? አባቴ እዚህ ቆመው?»

 ከተማሪዎቹ አንዱም አልተንቀሳቀሰም።

አያ ሙላቴ ወደ ባምላኩ ቀረብ አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ «መምህር» እንጂ በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

«ባምላኩ» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ነገር ለእኔ፣ ለአባቷ፣ ደብቃኛለች። ለአንተ የነገረችህ ለምን ይመስልሃል?»

ባምላኩ መሬት መሬት እያየ፣ «ስለምታምነኝ ነው» አለ።

«ታምነኝ ነበር በል።»

«ታምነኝ ነበር» አለ።

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ያዙ፤ መዳፋቸው ላይ የገብስ ገለባ ነበር።

«እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ ‹ልጄን ያቀፋት ሰው አለ› እያልኩ እተኛ ነበር» አሉ። «ለእናትሽ ደረትሽን ሳትመቺ፣ ስሟን ጠርተሽ ሳትጮኺ ቀርተሻል ማለት ነው? በይ እንግዲህ። እዚህ ቧንቧ የለም። አልቅሺ።»

ትርንጎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፤ የራሷ መሆኑንም መጀመሪያ አላወቀችውም።

«እናቴ! እናቴ አማረች!»

ጌጤ የምትባለው ጎረቤቷ ከደጇ ሆና ሰማች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ እየጮኸች መጣች። ከማሳው ማጭዱን የጣለ፣ ከቤት ልጅ ያዘለ፣ ሁሉም ወደ ምንጩ ወረደ። ዛሬ የሞተ ሰው እንደሌለ ያውቃሉ፤ የቱ ለቅሶ እንደሆነ ግን ለማንም መንገር አላስፈለገም። ሴቶቹ ከበቧት። አያ ሙላቴ በልጃቸው ትከሻ ላይ ፊታቸውን ደፍተው፣ ከአምስት ዓመት በፊት ያለቀሱላትን ሚስታቸውን እንደገና አለቀሱ። ከተማሪዎቹ መካከል አንዷ ሳታስበው ስልኳን ከፍ ስታደርግ ደረጄ እጇን ይዞ አወረደው።

ትርንጎ በእንባዋ መካከል ባምላኩን አየችው። ከወንዶቹ በስተኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እሷን አያያትም፤ ይታይልኝም አይልም። ልትጠላው ሞከረች። ለጥላቻ የሚሆን ጉልበት ግን አልቀራትም፤ በድካሙ ውስጥም ከብዙ ዓመታት በኋላ የሰውነቷን ቅለት አወቀችው።

*

ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ጎጆዋ ገብታ ሦስቱን ደብዳቤዎች ከፈተች።

«ስለ አንቺ የጻፍኩት በመጽሔት ሊታተም ነበር፤ ዛሬ ከአዘጋጆቹ እጅ አውጥቼዋለሁ» ይላል የመጀመሪያው። «ይቅር በይኝ ለማለት አፍሬያለሁ።» ሁለተኛው ደግሞ፦ «ትርንጎ፣ ተማሪዎቹ አንዴ ሰምተዋል፤ ጆሯቸውን መዝጋት አልችልም። አታንሱ ብዬ አስጠንቅቄያቸዋለሁ፤ ግን አርባ አፍ ነው። እባክሽ እኛ ሳንመጣ ለአባትሽ አንቺው ንገሪያቸው። ወይም ጉዞውን ልሰርዘው፤ አንድ ቃል ላኪልኝ።» ሦስተኛው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ዝምታሽን እንደ እሺ ለመቁጠር እፈራለሁ፤ እንደ እምቢ ለመቁጠርም እፈራለሁ።»

ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከፍታው ቢሆን ኖሮ አባቷ ከእሷ አፍ ይሰሙ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ ጥላ መቀመጥ ቀላል ነበር፤ አሁን ከዚያው ላይ የራሷን ድርሻ ማንሳት ሊኖርባት ነው። ይህ ከሁሉም በላይ አበሳጫት።

ማለዳ ተማሪዎቹ ወደ ተራራው ለመውጣት ሲዘጋጁ ባምላኩን ከምንጩ በላይ ወዳለው ግጦሽ ጠራችው። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ጎን ለጎን ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም።

«ደብዳቤህን ትላንት ነው የከፈትኩት» አለች። «በጊዜው ባለመክፈቴ ጥፋት አለብኝ።»

«የአንቺ ጥፋት አይባልም።»

«እኔ ነኝ የማውቀው። አታቅልልኝ።» ቀጥላም፣ «እናትህ መጥተው ነበር» አለችው።

«እናቴ? እዚህ?»

«እዚህ። ወረቀትህን ይዘው። ‹ልጄ ሲያዝን የወደደ ይመስለዋል› አሉኝ።» ዞራ ዓይኑን አየችው። «ታዝንልኛለህ?»

ባምላኩ ወዲያው አልመለሰም። ወዲያው ቢመልስ አታምነውም ነበር።

«ትላንት አዘንኩልሽ» አለ። «ከዚያ በፊት ግን እቀናብሽ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ሦስት ዓመት ስለ ዘላቂ ቱሪዝም ተናግሬ ያላሳመንኩትን ሰው አንቺ ቁርስ አብልተሽ ታሳምኝዋለሽ። እናቴ ይህን እንድታይልኝ ፈለግሁ። እሷ ደግሞ የምታከብረው የተጻፈ ነገር ነው። ስለዚህ ... ወረቀት አደረግሁሽ። በወረቀቱ እንድታከብርሽ ብዬ፣ ስድስተኛ ክፍል የሚለውን ብቻ አሳየኋት።»

«ብትጠይቀኝስ ኖሮ?»

«እምቢ ትይኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ለዚያ ነው ያልጠየቅኩሽ» አለ። ሲናገረው ለራሱም አሁን የገባው ይመስል ነበር።

«ይህችን ለተማሪዎችህ አስተምራቸው» አለች ትርንጎ። «እኔን ሳታነሳ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከታች አንድ ሰው ተማሪዎቹን በስም ሲጠራ ይሰማል።

«ያን ቀን የመጣሁት እሺ ልልህ ነበር» አለችው።

ባምላኩ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው እርጥብ ነበር። «አሁንስ?»

«አሁን ተቀይሜሃለሁ። ቂሜ መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም። ለጥር ግን አይደርስም።»

«ከጥር በኋላስ?»

«ከጥር በኋላም ወር አለ።»

«እጠብቅሻለሁ።»

«አትጠብቀኝ» አለች፤ ቃሏ ከጠበቀችው በላይ ሞቀባት። «ሩቅ ተቀምጦ መጠበቅ ለማንም አይከብድም። ና። ቅዳሜ ቅዳሜ ና፤ የአባቴ ገብስ አልታጨደም። ደብተር አትያዝ። አንድም ነገር አትጠይቀኝ።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ። ማጭድ አያያዝ ስለማያውቅ መዳፉ ተላጠ፤ አያ ሙላቴ ማጭዱን እጁ ውስጥ አስተካክለውለት ያለ ምንም ቃል ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ቅዳሜ ነዶ ተሸከመ። በሦስተኛው ቅዳሜ ትርንጎ ሳታስበው ስለ ጅዳ አንድ ነገር ነገረችው፤ የአሠሪዋ ትንሽ ልጅ አማርኛ ተምራ «እሺ እመቤት» እያለች እንዴት ታስቃት እንደነበር። እሱ ሳቀ፤ ከዚያ በላይ ቃል አልጠየቀም። ወይዘሮ ሠናይት ግን ገና እምቢ እንዳሉ ናቸው። «እናቴ አሁንም አልተቀበለችውም» ብሎ እራሱ ነገራት፤ ምንም አልሸፋፈነም።

በአራተኛው ቅዳሜ ሚኒባሱ ዘገየ። ትርንጎ ወደ መንገዱ የወረደችው ጨው ልትገዛ ነበር፤ ጨዉን ከገዛች በኋላም እዚያው ቆማ ራሷን አገኘችው። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ከዚያ በላይ ሆነ። መንገዱ ተዘግቶ ይሆን፣ እናቱ ታመው ይሆን፣ ሰልችቶት ይሆን እያለች ነጠላዋን ስታጣፋና ስትፈታ፣ መኪናው በመጨረሻ ጥምዝምዙን ዞሮ ብቅ አለ።

ባምላኩ ወረደ። ጎማ ፈንድቶባቸው ስለነበር ልብሱ አቧራ ለብሷል፤ የተላጠው መዳፉ ደርቆ ጠንክሯል። «ጨዉን ልቀበልሽ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ትርንጎ ቂሟን ፈለገችው። በለመደችበት ቦታ፣ ደረቷ ውስጥ፣ ጠዋት ስትነሳ ሁልጊዜ በምትዳስሰው ቦታ ፈለገችው። አልነበረም። መቼ እንደሄደም አላወቀችም፤ ሲሄድ ሊነግራት ይገባ ነበር ብላ ተቆጣች።

«ሽማግሌ ስንት ልትልክ ነው ያሰብከው?» አለችው። 

ባምላኩ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። «ሦስት።»

«ይምጡ» አለች። ጨዉን ሰጥታው ቀድማ ዳገቱን ጀመረች፤ ልቧ በእንዲህ ያለ ኃይል ሲመታ ይሰማዋል ብላ ስለፈራች፣ እስከ ላይ ድረስ አልዞረችም።